ሬክስዴል ሁለቴ የሄድኩበት ቅዳሜ

ክሬሰንት ታውን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ የካቲት ውስጥ ነው። ከቤት የወጣሁት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሬክስዴል ለሚኖሩ ወገኖቻችን «ድካምን አሸንፎ ትምህርትን ስለመጨረስ» ንግግር ላደርግ ነበር። የጋበዙኝ አቶ ጌታሁን ናቸው፤ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠሩ ሽማግሌ። የጂኦግራፊ ዶክትሬት እንደምማር ከሰሙ ጀምሮ ስሜን ትተው «ዶክተር» ነው የሚሉኝ።

እሳቸው ያላወቁት፣ አምስት ወር ሙሉ አንድ ገጽ አለመጻፌን ነው። መስከረም ላይ ጥናቴን ሳቀርብ አንድ ፕሮፌሰር ቀላል ጥያቄ ጠየቀኝና መልሱ ጠፍቶኝ ሃያ ሰው ፊት ዝም ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ስተኛ ደግሞ አይወስደኝም። ለአማካሪዬ ታምሜያለሁ አልኩት። የሳምንት በሽታ ወራት ሆነ። የአቶ ጌታሁንን ግብዣ እሺ ያልኩትም፣ እምቢ ብል ምክንያት መስጠት ስለሚኖርብኝ ነው።

ሰብዌይ

ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ወደ ምዕራብ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ የዶን ሸለቆን ሲሻገር ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ሆኖ፣ መሃሉ ጠቁሮ ይታያል። ንግግሬን አውጥቼ አነበብኩ። «በራስ መተማመን የሚገነባው በየቀኑ ጥቂት በመሥራት ነው» ይላል። ፊቴ ጋለ። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ። መጨረሻው ጣቢያ ኪፕሊንግ ላይ «ሚስ፣ ከዚህ ወዲያ አይሄድም» ብሎ የቀሰቀሰኝ የጽዳት ሠራተኛ ነው። አንድ ዶላር ከምናምን ከፍዬ ቡና ገዛሁና ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባስ ያዝኩ። በፋብሪካዎችና በመጋዘኖች መሃል ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን።

ሬክስዴል፣ ስድስት ሰዓት

ስብሰባው የአንድ አፓርትመንት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሳምቡሳ በወረቀት ሳህን፣ ሻይ በትልቅ ቴርሞስ ቀርቧል። አቶ ጌታሁን ተነሥተው «ዶክተራችን በዚህ ሰመር ትጨርሳለች!» ሲሉ ቤቱ አጨበጨበ። ማስተካከል እችል ነበር። «በእግዚአብሔር ፈቃድ» አልኩና ንግግሬን አነበብኩ።

ስጨርስ በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ቀረቡኝ። እትዬ አልማዝ ይባላሉ፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ከሥራ መልስ ለነርስ ረዳትነት ይማራሉ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቴ ፈተና ወደቅኩ። ከሺፍት በኋላ መጽሐፉን ስከፍት ምንም አይገባኝም። አንቺ እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

አቶ ጌታሁን አጠገቤ ቆመው በኩራት ያዩኛል።

«አይ» አልኩ። «ፕሮግራም ካወጡለት ይቻላል።»

«እኔም ችግሩ የራሴ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። ሰኞ ኮል አድርጌ ትምህርቱን ድሮፕ አደርገዋለሁ፤ ቢያንስ ልተኛ» አሉ። አመስግነውኝ ወንበር ማጠፍ ጀመሩ።

ኪፕሊንግ

ባሱ መልሶ ጣቢያው አደረሰኝ። ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አንድ እግሬን ካነሣሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት። ጀግንነት አልነበረም፤ ያን «አይ» ይዤ ክሬሰንት ታውን ድረስ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። ወደ ባሱ ስመለስ ያው ሾፌር ነበር።

«ዕቃ ረስተሽ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ሬክስዴል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

እትዬ አልማዝ ጠረጴዛ ይወለውላሉ፤ አቶ ጌታሁን ይጠርጋሉ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እኔም አምስት ወር አንድ ገጽ አልጻፍኩም። አማካሪዬን እሸሸዋለሁ።»

አይዞሽ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም? ደደብ መሆኔን አረጋግጠሽልኝ ነው እኮ የሄድሽው!»

«አፍሬ ነው።»

«እኔስ አላፈርኩም? ሰው በሞላበት ነው የጠየቅኩሽ።»

አቶ ጌታሁን መጥረጊያቸውን አቁመው ወንበር ዘረጉልኝ።

«ሮማን፣ ተቀመጪ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ማስተማሩን ትቼ ማሽን ላይ ከቆምኩ ወዲህ፣ የእኛ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እኔው የገባሁ ይመስለኛል። ደክሞሽ እንደሆን እንኳ አልጠየቅኩሽም።»

እትዬ አልማዝ ጠረጴዛውን ወልውለው ጨርሰው መጡ። ከቦርሳቸው መጽሐፍ አውጥተው ስለ ኩላሊት የሚያወራውን ምዕራፍ ከፈቱ። «ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። «አላውቀውም» አልኩ። ያን ቃል ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር ያልኩት ያኔ ነው። አንድ መዝገበ ቃላት ይዘን ሁለታችንም ከመጀመሪያው መስመር ጀመርን።

ቤት

ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ አሞኝ እንዳልነበር ነገርኩት። ደስ አላለውም፤ እኔን ሲጠብቅ የተጓተቱ ሥራዎቹን እያሳየ ወቀሰኝ። በመጨረሻ ግን የአንድ ሴሚስተር የዕረፍት ፈቃድ ፈረመልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተኛሁ።

ድካሙን ዕረፍት አቃለለው። በዚያ ጉዞ የተረዳሁት፣ ይበልጥ የጎዳኝ ድካሙን መደበቄ መሆኑን ነው፤ ለመደበቅ ብዬም ከእኔ የባሰ የደከመ ሰው ጥዬ አልፌ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

እትዬ አልማዝ ትምህርቱን አላቋረጡም። ሺፍት ቀንሰው፣ በቂ ተኝተው በሦስተኛው ፈተና አለፉ። ሊነግሩኝ ሲደውሉ እንኳን ደስ አለዎት ሳልል ቀደሙኝ።

«አንቺስ የት ደረስሽ? እውነቱን።»

«ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ» አልኳቸው።