የእሷ ስንብት ለምን በለጠ

የባልደረባዬ ስንብት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር፣ የእኔ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ። በአንድ ቀን ተቀጥረን፣ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፍተን፣ ደሞዛችን እኩል አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሆኖ! የስንብት ወረቀቷን በትከሻዋ በኩል ሰርቄ አየሁትና እርር ድብን አልኩ።

ሰበታ ያለው የልብስ ፋብሪካችን በዚያ በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን ቢሮውና መጋዘኑ ተቃጥሎ ነበር። ባለቤቱ ከግማሽ በላይ የምንሆነውን ሠራተኞች በቃችሁ አለን። ፋይላችን አብሮ ስለነደደ፣ መቼ እንደተቀጠራችሁ የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ ከየቤታችሁ አምጡ ተባለ። እኔ የሥራ መታወቂያ ባጄን አቀረብኩ። እሷ ምን እንዳቀረበች አልጠየቅኳትም።

እውነቱን ልናገር፣ ድሮም እቀናባት ነበር። እጇ ፈጣን ነው፤ አለቃችን ሲያመሰግን የሚያመሰግነው እሷን ነው። እኔ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨመርብኝ ዕቃዬን ተሸክሜ ከሰፈር ሰፈር ስንከራተት፣ እሷ ከአባቷ በወረሰችው ግቢ ጎመኗን ትቀነጥሳለች። ይሄ ሁሉ ሳያንስ ስንብቱም በለጠኝ። የሰው ኃይል ኃላፊው የአገሯ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ እየተሳሳቁ ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እኔ ሰበታ አድጌ ቋንቋውን ከሰላምታና ከገበያ አላሳለፍኩትም። በቃ፣ በቋንቋቸው ተነጋግረው ጨረሱ አልኩ። ያኔ ብዙ ሰው እንደዚያ ማሰብ ጀምሮ ነበር። እኔን ግን እንደዚያ እንዳስብ ያደረገኝ ቅናቴ ነው፤ በጊዜው አላመካኝም።

ሒሳብ ሹሙ ቢሮ ገባሁና የእሷ ክፍያ ቢመረመር ጥሩ ነው ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ገንዘቧ እስኪጣራ ታገደ። ታዲያ ማን ጋ ብትመጣ ጥሩ ነው? እኔ ጋ! የከተማው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ስንብቴን ላስደምረው ነውና አብረሽኝ ሂጂ፣ ያንቺንም ይዩልሽ አለችኝ። ጉዷ ሲወጣ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ወረቀቴን ይዤ ተከተልኳት።

ቢሮው ውስጥ የተቀመጡት አንድ ሸበቶ ሰውዬ ናቸው። እሷ «አካም ቡልተን» ብላ ገባች፤ እሳቸውም መለሱላትና እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ። ከላስቲክ ውስጥ የቅጥር ደብዳቤዋን አውጥታ ሰጠቻቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ እጥፋቱ እንኳ ሳይላላ አስቀምጣዋለች። ለዚያም ቀናሁ።

ሰውዬው አንድ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ እያሰሉ አስረዱን። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የደሞዙ ሲሶ፣ ስድስት መቶ፤ የሰባት ዓመቱ አራት ሺህ ሁለት መቶ። ሠራተኛ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የሁለት ወር ጭማሪ አለ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ደመሩት። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። አንድ ብር አልተዛነፈም። እንደገና እንዲደምሩት ልጠይቃቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ የእኔን ተቀበሉኝ። ባጄን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኮ ባጁ የታደሰበት ቀን ነው» አሉኝ። «ከዚህ ተነስተው አምስት ዓመት ብቻ ቆጠሩልሽ። ሦስት ዓመትሽ የለም።»

የመጀመሪያው ባጄ ጠፍቶብኝ ሌላ እንዳወጣሁ ትዝ አለኝ። የሦስቱን ዓመት ሲሶ፣ ሙሉ የአንድ ወር ደሞዜን፣ በገዛ እጄ አስበልቼ ነበር። የእሷን ቁጥር ስንት ሌሊት ሳመነዥገው፣ የራሴን አንድ ጊዜ እንኳ ደምሬ አላየሁትም።

ደብዳቤው ከሌለሽ አብሮሽ የተቀጠረ ሰው ቃሉን ይስጥልሽ፣ እኔ ለፋብሪካው እጽፋለሁ አሉ። አንገቴን ደፋሁ። በእኛ ቀን የተቀጠረ ሌላ ሰው የለም። እሷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፣ ቀኑን ተናገረች፣ ያን ዕለት የለበስኩትን ሹራብ ሳይቀር ነገረቻቸው፣ ፈረመች። ሰውዬው ሁለት ደብዳቤ ጻፉ፤ አንድ የእሷን ገንዘብ ልቀቁ የሚል፣ አንድ የእኔን አስተካክሉ የሚል።

አስፋልቱ ዳር ታክሲ ስንጠብቅ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች ተናገረች።

«ሒሳብ ሹሙ ጋ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ዛሬ ይዤሽ የመጣሁት እያየሽ እንዲደመር ብዬ ነው።»

ይቅርታ ልላት ሲገባኝ፣ እንዲህ ያለ ሰፊ ሆድ ከየት አመጣች ብዬ እንደገና ቀናሁባት። እኔ ብሆን አልፈርምላትም ነበር። እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ስትፈርም ታውቀው ነበር።