የጋሽ መቀስ አንገት

አንገትጌው የጠበበኝን ሸሚዝ ላሰፋ ጎራ ባልኩበት ሱቅ ነው ልብስ ሰፊውን ጋሽ መቀስን ያገኘኋቸው። ሜትራቸውን አንገቴ ላይ ሲያዞሩ፣ ከጆሯቸው ሥር ወደ ጉሮሯቸው የወረደ ጠባሳ አየሁ። ዓይኔን ተከትለው ሳቁ።

"የኔ እጅ አይደለም። እኔ ብሰፋው መስመሩ አይታይም ነበር" አሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

አርባ ዓመት ጨርቅ የቆረጠ ቀኝ እጃቸው አንድ ጠዋት መቀሱን ለቀቀው። ምላሳቸውም ተኮላተፈ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ፤ ባለቤታቸው ግን እየጎተቱ ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ለካ በግራ አንገታቸው ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ሥር ጠቧል። በሚቀጥለው ጊዜ እጃቸው ላይመለስ ይችላል።

"ይከፈታ!" አሉ ጋሽ መቀስ።

ሐኪሙ አንገታቸው የተነሳውን ፊልም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "አባባ፣ አንገትዎ አጭር ነው። ደም ሥሩም ለሁለት የሚከፈለው ከሌላው ሰው ከፍ ብሎ፣ መንጋጋዎ ሥር ተሸጉጦ ነው። ለቀዶ ጥገና አይመችም። መድኃኒትዎን እየወሰዱ ይቀመጡ።"

ጋሽ መቀስ ብድግ አሉ። "ስማ ልጄ፤ ለጎባጣ ሰፍቻለሁ፣ ትከሻው ለተንጋደደ ሰፍቻለሁ፣ ፈጣሪ አንገት የነሳውን ሰውዬ ክራቫት አሳስሬ ለሠርጉ አድርሻለሁ! አንድም ቀን 'ሰውነትህ ለንድፌ አይመችም' ብዬ አልመለስኩም። የሚቀየረው ንድፉ ነው!"

ፊልሙን ከእጁ ነጥቀው ወጡ።

"ሰውየውን አስቀየምከው" አሉ ባለቤታቸው ደረጃው ላይ።

"ይቀየም! እሱ ቅያሜው ይለቀዋል፤ የኔ እጅ ግን ከሄደ ሄደ።"

ፊልሙን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሩ። ሦስተኛዋ ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"የመተንፈሻ ቱቦውን በአፍንጫ እናስገባለን" አለች። "አፍዎ ሲገጠም መንጋጋዎ ሥር ቦታ ይገኛል። ካልበቃ መንጋጋውን ትንሽ ወደ ፊት እንስበዋለን። ግን አባቴ፣ የምላስና የድምፅ ነርቮች እዚያው ሰፈር ናቸው። ሊጎዱ ይችላሉ።"

"ምላሴ አርባ ዓመት ለፍልፏል፣ ይበቃዋል። ከከፈትሽው በኋላስ?"

"ውስጡን ጠርጌ እራፊ እጥፍበታለሁ።"

"በምን ክር?"

"ከፀጉር በቀጠነ፣ ሰማያዊ።"

"ሰማያዊ በቀይ ላይ! በይ ግድ የለም፣ ውስጥ ነው፤ ማን ያየዋል። ቁረጪ!"

ከቀዶ ጥገናው ሲነቁ ነርሷ "ቀኝ እጅዎን ያንቀሳቅሱ" አለቻቸው። የጋውኗን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዙና በሻከረ ድምፅ "ይሄን ማነው የዘመዘመው?" አሉ። ምላሳቸው ሁለት ወር ወደ አንድ ጎን አጋደለ፤ ድምፃቸው እስካሁን ጎርነን ይላል። እጃቸው ግን ይኸው፣ ሲያወሩኝ አንገትጌዬን ተርትሮ ጨረሰ።

ስወጣ "እግዜር ይማርዎት" አልኳቸው።

መቀሱን ከጨርቁ ላይ ሳያነሱ "እሱን ለበሽተኛ በል!" አሉኝ። "እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"