የማዳም ዓይን ያለው አውራ ጥንቸል

ዘመኑ 1949 ነበር። ወይስ ሃምሳ? ሊበን ሲናገር የድሬዳዋውን ወንዝ ጠርቶ «ደቻቱ የሞላበት ክረምት» ይላል፤ ደቻቱ ያልሞላበት ክረምት ግን ስንት ነው? እሱ የሚያስታውሰው የሙሴ ስታቭሮ አሮጌ አውራ ጥንቸል በሙቀት የሞተው ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት፣ በግንቦት መሆኑን ብቻ ነው። አርባ ዘጠኝ እንበለውና እንቀጥል።

ሊበን የጀልዴሳ ሰው ነው። ድርቅ ግመሎቹን ሲጨርስበት ድሬዳዋ ገባና ከዚራ በሚባለው ሰፈር ለግሪካዊው ነጋዴ ለሙሴ ስታቭሮ (ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው የሚባለው) ጥንቸል ጠባቂ ሆነ። ጥንቸሎቹ በሙሉ ነጭ ነበሩ። ሙሴ ሥጋቸውን ለቤቱና ለወዳጆቹ ያደርጋል፣ ቆዳቸውን በባቡር ወደ ጅቡቲ ይልካል። ነጭ ቆዳ የፈለጉትን ቀለም ስለሚቀበል ገዢው ሌላውን አይነካም ነበር።

ለሊበን ዋስ የሆነለት የቤቱ ምግብ አብሳይ ወልደማርያም ነው። ወልደማርያም ጥንቸልን አሳምሮ ይሠራል፤ ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድ ግን የጥንቸል መረቅ ጠብታ እንኳ አፉ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ሊበን ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ወልደማርያም ይሠራል፣ ጨው መመጠኑን የሚቀምሰው ደግሞ ሊበን ነው። ሙሴ እንግዶቹ ፊት የሚኮራበት ወጥ የሁለት ሃይማኖት ሥራ መሆኑን አላወቀም።

ከጥንቸሎቹ ሳጥኖች ጀርባ ያለችው ክፍል ለሊበንና ለሚስቱ ለፋዱማ ተሰጠች። ፋዱማ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ያቺ ክፍል ከእጃቸው ከወጣች መግቢያ የላቸውም።

አውራው በሞተ ሰሞን ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር አንድ የመናዊ ጥንቸል ይዞ እንደሚመጣ ተሰማ። ሙሴም ነቁጥ የሌለበት ነጭ እንዲመርጥ አዝዞ ሊበንን ለገሃር ላከው። ሊበን ጥንቸሉን እንደ ግመል መረመረው። ጥርሱን አየ፣ እግሩን ሳብ ሳብ አደረገ፣ ፀጉሩን እፍ እያለ እስከ ቆዳው ፈተሸ። በመጨረሻ የአገሩ ሰው ከሁሉ የሚያስቀድመውን ጠየቀ፤ እናቱ ምን መልክ አላት? የሊበን ሰዎች የግመልን ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ የእገሊት ልጅ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ እያሉ። የመናዊው፣ እናቱም ነጭ ናት ብሎ ማለለት።

አንድ ነገር ብቻ ለየት ይል ነበር። የሙሴ ጥንቸሎች ዓይን ቀይ ነው፤ የዚህ ግን ሰማያዊ። ሊበን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። የሙሴ ሚስት ዓይኗ ሰማያዊ ነበርና እንዲያውም ግቢ ይዞት ሲገባ ለወልደማርያም «የማዳምን ዓይን ነው ያለው፣ ጋሼ» አለው።

«ዝም በል ዋሪያ፣ እንዳትሰማህ» አለ ወልደማርያም፤ ሳቁን ግን መያዝ አልቻለም።

ሊበን አውራውን በግቢው ከነበረችው አሮጌ እናት ጥንቸልና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር አገናኘ። በወሩ ሁሉም ወለዱ። ግልገሎቹ ራቁታቸውን፣ ቀይ ሥጋ ብቻ ሆነው እናታቸው ከደረቷ ነጭታ ባነጠፈችው ፀጉር ውስጥ ይርመሰመሱ ነበር። ሙሴ በረንዳው ላይ ሆኖ ምሥራቹን ሰማና ለጅቡቲው ገዢ ቃል ሰጠ።

ብዙም ሳይቆይ ሊበን በአንዱ ግልገል ጀርባ ላይ ጥላ ያየ መሰለው። በሙቀቱ ምክንያት ሳጥኖቹ ላይ የሚሰቅለውን የረጠበ ጆንያ ገለጠና ብርሃን አስገባ። ጥላው አልሄደም። በማግሥቱ ጀርባቸው ሁሉ ከሰል የተነካ መሰለ፤ በተጨፈነው የዓይናቸው ቆብ ሥርም ጥቁር ነጥብ ይታያል። ሌሎቹን ሳጥኖች ከፈተ። ያው ነው። ጆንያውን መልሶ ሸፈነና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እጁ ግን ቆሻሻ አልነበረበትም።

አጥሩ ወዲያ ማዶ የለገሃሩ ዘበኛ ፋራህ ግራጫ ጥንቸል ያረባል። ሙሴ የሚለውን ሊበን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ወይ የፋራህን አውራ አስገብተሃል፣ ወይ ነጮቹን ሸጠህ በእነዚህ ለውጠሃል። ሁለተኛውን ካለ ደግሞ ጣጣው ለዋሱም ይተርፋል። ሙሴ ግልገሎቹን ልይ ባለ ቁጥር ሊበን ዓይናቸው ሳይገለጥ ከታዩ እናታቸው ትበላቸዋለች እያለ መለሰው። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ሊበን ግን የተናገረው ራሱን ለማዳን ነው። ፋዱማ ምን ሆነሃል ስትለው ሙቀቱ ነው ይላታል።

በመጨረሻ ለወልደማርያም ነገረው። ወልደማርያም ሳጥኑን አጎንብሶ አየ።

«እናታቸው አርግዛ ሳለች ጥቁሩን ባቡር አይታ ይሆናላ» አለ፤ ቀልዱ ግን ከአፉ ሳይወጣ ሞተ። «የፈረምኩልህ እኔ ነኝ፣ ሊበን።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

የግልገሎቹ ዓይን ተገለጠ፤ ሙሴም ኮቱን ለብሶ መጣ። ግልገሎቹ እንደ ዱር ጥንቸል አመድማ ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ግንባራቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላቸው። ሙሴ አልጮኸም። አጥሩን አየ፣ ወልደማርያምን አየ፣ ከዚያ ሊበንን ነጮቹ የት እንዳሉ ጠየቀው። ሊበን በአላህ ማለ። ሙሴ መሐላ አልጠየቅኩህም፣ ምክንያት ነው የጠየቅኩህ አለው። ወልደማርያም ነጠላውን በጣቱ ላይ እየጠቀለለ ይፈታል።

ሊበን ምክንያት ፈለገ። ያገኘው ከአገሩ ያመጣውን ብቻ ነው። ነጭ ግመል ጥቁር ስትወልድ ሽማግሌዎች አያቷን ይጠይቃሉ።

«አሮጌዋ ናት፣ ሙሴ» አለ። «ደሟ ውስጥ ጥቁር ደብቃ ነው። ልጆቿም ከእሷ ነው የወሰዱት።»

ሙሴ አሰበና አሮጌዋ ትታረድ አለ። ከዚያ ሐረር ካለው የአገሩ ሰው ነጭ እንስት ያስመጣል፤ ከአውራው ጋር በአንድ ሳጥን ይቆለፋሉ፤ ቁልፉ በእሱ ኪስ ይሆናል። ነጭ ከተወለደ ሊበን እውነቱን ነው፣ በሥራው ይቀጥላል። ጥቁር ከተወለደ ግን አሮጌዋ ላይ ዋሽቷል ማለት ነው። ሊበን ራሱ በገመደው ገመድ እንደታሰረ የገባው ይህን ሲሰማ ነው።

አሮጌዋን ራሱ አረዳት። ከገባ ጀምሮ ከእጁ ትበላ ነበር፤ ስትያዝም አልታገለችም። ወልደማርያም በሽንኩርትና በቲማቲም ሠራትና እንደ ወትሮው ማንኪያውን ዘረጋለት። ሊበን አልቀምስም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወልደማርያም ማንኪያውን ይዞ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ጨውን በግምት ጨመረ። ያን ቀን ሙሴ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎ መለሰው።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ ሊበን መናገር አይሆንለትም። ደቻቱ ሞላ፣ ጎርፉ ወረደ። ፋዱማ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። አዋላጇ ሕፃኗን ስትሰጠው ሊበን ከሁሉ አስቀድሞ በአውራ ጣቱ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረገ። ፋዱማ ምን እያየህ ነው አለችው።

የሐረሯ ወለደች። ሙሴ ቁልፉን ራሱ ከፈተ፤ በሦስተኛው ቀን ጥላው በግልገሎቹ ጀርባ ላይ ነበር። የሐረሯ የአሮጌዋ ዘመድ አይደለችም፤ ሳጥኑንም ሌላ አውራ አልቀረበውም። ወልደማርያም በወጥ ቤቱ በር ቆሞ አማተበ። ሙሴ ባለ ሰማያዊ ዓይኑን አውራ በጆሮው አንጠልጥሎ ብዙ አየውና ጥቁሩ ከዚህ ነው የመጣው፣ ለፋራህ ስጠው አለ። ሌባ ያለው ሰው አልነበረም፤ ይቅርታ ያለም አልነበረም። ሊበን በሥራው ቆየ፣ ክፍሏም ከእጁ አልወጣችም። ቁልፉ ግን ከሙሴ ኪስ አልወጣም። ሙሴ አገሩ እስኪገባ ድረስ ሊበን በየማለዳው ሣሩን ታቅፎ በረንዳው ሥር እየቆመ ሙሴ እስኪነቃ ይጠብቅ ነበር።

ሊበን ይህን የተናገረው ሸምግሎ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር የጀልዴሳን መኪና ሲጠብቅ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዩኒቨርሲቲ ስለ ዘር ውርስ ተምሯል፤ የተማረውን በእርጋታ ነገረው። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። ቀይ ዓይን ያላት ነጭ፣ ቀለም መሥራት የተሳናት ናት። ሰማያዊ ዓይኑ ቀለሙን መሥራት ይችላል፤ ፀጉሩ ውስጥ የሚያደርስለት ግን የለውም። ሲገናኙ የአንዱን ጉድለት ሌላው ሞላ፤ አመድማ ልጅ ወጣ። ጥፋት የነበረበት የለም።

ሊበን ወደ ሰውየው ዞረ።

«አሮጌዋም?» አለ።

«እሷም።»

ሊበን ዱላውን በአሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ጎተተ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሙሴ አመድማዎቹ ሁሉ ይታረዱ ሲል ግንባራቸው ነጭ የሆኑትን ሁለት፣ ወንድና ሴት፣ ለምኖ ወስዶ ጀልዴሳ ለእናቱ እንደሰጣት ተናገረ። ሁለቱም የአሮጌዋ ልጆች ነበሩ።

ሰውየው ቀና አለ። በትምህርቱ እንደሚያውቀው እንዲህ ያሉ አመድማዎች እርስ በርስ ሲዋለዱ ከግልገሎቻቸው ግማሽ የሚጠጋው ነጭ ሆኖ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ዓይኑ ቀይ ይሆናል፣ እንደ አያቱ። ተዋልደው እንደሆነ፣ ምን መልክ እንዳወጡ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት የጀልዴሳው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ሊበን ተነሣ፣ ሽርጡን አጠበቀ፣ የኋላውን በር ይዞ ተሳፈረ፤ መኪናውም ሄደ።