ሰሚራ የማን ተማሪ ናት?

ሥራ የጀመርኩት ዲላ ገበያ አጠገብ ባለ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ባለሱቁ አቶ ከድር ጥቁር የቀቡትን ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንድ ፓኮ ጠመኔ ሰጡኝ። ልጃቸው ሰሚራ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በሕፃንነቷ ታማ እግሮቿ አይታዘዟትም።

“የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ‘የሚሸከማት ሰው የለንም’ ብለው መለሱን” አሉኝ። “መምህርት፣ ልጄ ሳትማር እንዳትቀር።”

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ምደባ እየጠበቅሁ ስለነበር ለሁለት ወር ብዬ ገባሁ። ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ አልወጣሁም።

እንደ ማንኛውም መምህር ሳምንታዊ ዕቅድ አወጣ፣ ፈተና አዘጋጅ፣ ሮስተር እሞላ ነበር። ሰሚራ ደረጃዋን ስነግራት ትስቃለች። “አንደኛ? ከስንት ተማሪ፣ ቲቸር?”

ወሬው ተሰማ። ከጪጩ መንደር አንዲት እናት መጥታ “የኔም ዓለሚቱ አትራመድም፤ ቤት ቁጭ ብላለች” አለችኝ። ቀጥሎ ከፍስሐ ገነት ከተማ ሌሎች ወላጆች መጡ። ሰባት ቤት ደረስኩ። ሰዎች “የቤት ትምህርት አስፋፋሽ” እያሉ ያመሰግኑኛል። ምስጋናው ያናድደኝ ነበር። እያንዳንዱ አዲስ ቤት አንድ ትምህርት ቤት “አልቀበልም” ያላት ልጅ ቤት ነው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ሰሚራን ላስመዘግብ ወደዚያው ርእሰ መምህር ሄድኩ።

“ካርድ የላትም” አሉ።

“እርስዎ መልሰዋት ካርድ ከየት ታምጣ?”

“ወይዘሪት፣ ቤቱ ያነበበ ሁሉ ተማሪ ነኝ ካለ እኛ ምን ልንሠራ ነው?”

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ በዚያው ትምህርት ቤት እንድትፈተን ደብዳቤ ጻፉላት። በፈተናው ቀን ክፍሏ ፎቅ ላይ ሆነ። “ታች ትፈተን” ብል ፈታኙ “መመሪያ አይፈቅድም” አለኝ። አባቷ አዝለዋት ሲወጡ ፈተናው ተጀምሮ ነበር። የባከነውን ደቂቃ የጨመረላት የለም።

ውጤቱ መጣ። ከዚያ ትምህርት ቤት ተፈታኞች ሁሉ በልጣለች።

በሳምንቱ የሰሚራ ፎቶ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ከሥሩ “የትምህርት ቤታችን ኩራት” ይላል። ደሜ ፈላ። አቶ ከድር ሰሚራን አዝለው፣ ሦስታችን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባን።

“ይንቀሉት!” አልኩ። “አንድ ቀን ያላስተማራችኋትን!”

“በእኛ ስም አይደል የተፈተነችው?” አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ሰሚራ ቀሚሴን ያዝ አደረገችና ወደ እሳቸው ዞረች። “ፎቶው ይቀመጥ፣ ጋሼ። ግን ዓለሚቱን ይመዝግቧት፤ ክፍሏም ታች ይሁን። አለበለዚያ ማን እንዳስተማረኝ እዚያው ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።”

መስከረም ላይ ዓለሚቱ ገባች። ክፍሏ ምድር ቤት ነበር። ያንን ለማድረግ አንድ ጡብ እንኳ አላስፈለገም፤ ሁለት ክፍሎች ቦታ ተለዋወጡ፣ በቃ። ያን ሁሉ ዓመት የጎደለው ይኸው ነበር።

ሥራውን የምትጀምሩ ወጣት መምህራን፣ ልጅ ቤቷ ስትማር ካገኛችሁ በደንብ አስተምሯት። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ማን እንደመለሳት ጠይቁ፤ ሄዳችሁም አነጋግሩት። እኔ ስምንት ዓመት ቆይቼ ነው የሄድኩት።