የቅጣት መዝገቡ ዘፈኖች

አክስቴ በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ልጆቹ «እትዬ ጭጭ» ይሏቸው ነበር፤ ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ይኸው ብቻ ስለነበረ። መጀመሪያ ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩት። ዕድሜያቸው ሃያ ስድስት ሲሞላ ዲሬክተሩ ቢሮው አስጠርቶ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ አደረጋቸውና ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አስረከባቸው። መዝገቡ አራት ዓምድ ነበረው፤ ቀን፣ ስምና ዕድሜ፣ ጥፋት፣ ቅጣት።

በዚያ ትምህርት ቤት ልጆችን ከማርፈድ ቀጥሎ የሚያስቀጣቸው ዘፈን ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይሰበሰቡና ስለ ፈስ፣ ስለ ቂጥ፣ ሱሪው ስለወለቀበት ዘበኛ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። አክስቴ መጀመሪያ ላይ ጥፋት በሚለው ዓምድ ሥር «ጸያፍ ዘፈን ዘፈነች» ብለው ብቻ ያልፉ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ አባት መጣና ዲሬክተሩ ፊት፣ «ልጄ ምን ብላ ነው የዘፈነችው?» አላቸው። አክስቴ ፊታቸው ቀላ፤ መናገር አቃታቸው።

«የማይነገር ከሆነማ ምኑን አጠፋች?» አለ ሰውዬው። ልጁን ይዞ ሄደ፣ ቅጣቱም ተሰረዘ።

አክስቴን ይህ ነገር አንገበገባቸው። ከዚያ ወዲያ የተያዘውን ልጅ ቢሯቸው ያስገቡና፣ «ድገመው። ቀስ ብለህ። ከመጀመሪያው» ይሉታል። ልጁ ይዘፍናል፤ እሳቸው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ይጽፋሉ። ቃሉ ካልተሰማቸው ፊደሉን ያስቆጥሩታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰባት መዝገብ ሞላ።

ጡረታ የወጡ ዓመት ትምህርት ቤቱ ወደ አዲስ ሕንጻ ሊዛወር ነበርና አሮጌ ወረቀት ሁሉ ይጣል ተባለ። አክስቴ መዝገቦቹን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ዘፈኑ አሳስቧቸው እንዳይመስላችሁ። ያሳሰባቸው ስሙ ነው፤ ያኔ የተቀጡት ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፣ ስማቸው በየሱቁ የዕቃ መጠቅለያ ሆኖ እንዲገኝ አልፈለጉም። ቁም ሳጥናቸው ግርጌ አስገብተው ቆለፉበት።

እኔ የወንድማቸው ልጅ ነኝ። የምሠራው በኢንሳይክሎፒዲያ ዝግጅት ክፍል ነው። ሦስተኛውን ቅጽ ስናዘጋጅ «የልጆች ዘፈን» የሚለው ርእስ ለእኔ ደረሰኝ። ዋና አዘጋጃችን ጥንቁቅ ሰው ናቸውና፣ «ንጹሕ ንጹሑን ብቻ ምረጪ» አሉኝ። ንጹሑን ሰብስቤ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሁሉ መምህራን ለልጆች ያወጡት ነው። ልጆች ራሳቸው ያወጡት፣ ማንም ሳያስተምራቸው ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚያወርዱት ሌላ ነው። እሱን ደግሞ ማንን ብጠይቅ ይስቅና «ረስቼዋለሁ» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሻይ እየጠጣን ይህንኑ አነሳሁባቸው።

«ምን? ስለ ፈስ የሚዘፈነውን? በመጽሐፍ?» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ?»

«እትዬ፣ ኢንሳይክሎፒዲያ እኮ ያለውን ነገር ሁሉ ይመዘግባል። ስለ ጊንጥም ይጻፋል፣ ስለ ተስቦም ይጻፋል።»

«ተስቦ በሽታ ነው። ይኼ ብልግና ነው። ምን እንደሚመስል ስለማታውቂ ነው እንዲህ የምትይው፤ ቆይ ላሳይሽ።»

ተነሥተው ሄዱ፤ የመጀመሪያውን መዝገብ አመጡና ጭኔ ላይ ዘፍ አደረጉት። አሳፍረው ሊያስተዉኝ ነበር ሐሳባቸው። ገለጥኩት።

*ዲሬክተሩ ጎንበስ፣ ሱሪው ተርተር፣*
*ጨረቃ በቀትር፣ ጨረቃ በቀትር።*

ዕንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። አክስቴ አልሳቁም። ሌሎቹን መዝገቦች እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸውና እስከ ምሳ ሰዓት ሳገላብጥ ቆየሁ። በመጀመሪያው መዝገብ ጎንበስ የሚለው ዲሬክተሩ ነው። በሦስተኛው ተቆጣጣሪው ሆኗል። በስድስተኛው ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ቀኑ፣ የዘፋኙ ዕድሜ፣ የተዘፈነበት ቦታ ሳይቀር ተጽፎለታል። በሙያዬ እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ ይኼን የመሰለ ሥራ ማንም አልሠራም» አልኳቸው።

«እኔ የሠራሁት ቅጣት ነው» አሉ።

መዝገቦቹን ግን አልሰጡኝም። በማግሥቱ ደውለው፣ ስሞቹን ትተው ዘፈኖቹን ራሳቸው እንደሚገለብጡልኝ ነገሩኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃቸው ብሄድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መገልበጡን ትተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተዘረጋው ገጽ ላይ ይህ ተጽፏል፤

*አጎቴ ሲሮጥ፣ ቀበቶው ቁርጥ፣*
*ሰፈሩ ተጠራ ሊያይ ያጎቴን ቂጥ።*

ጎኑ ላይ በእጃቸው «ከየት እንደመጣ አይታወቅም» የሚል ማስታወሻ አለ።

«ውሸቴን ነው» አሉኝ። «ከየት እንደመጣ አሳምሬ አውቃለሁ። እኔና እኅቴ ስንዘፍነው ነው ያደግነው። እንዲያውም አጎታችንን አስበን ነበር የምንዘፍነው፣ ያን ኩሩ ሰውዬ። ይኼን የዘፈነችው ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ግማሽ ቀን አቁሜያታለሁ። እኅቴ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።»

ከዚያ ራሳቸው ሳቁ፤ ሳቁ ቆየባቸው፣ መጨረሻው ላይ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኅታቸው ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አክስቴ ስለሳቸው ሲያወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ጽሑፌን አስገባሁ። የአዘጋጅ ቦርዱ አልተስማማም። ከአባላቱ አንዱ የቀድሞ ዳኛ ነበሩ፤ «ይህ በየትምህርት ቤቱ የሚቀመጥ መጽሐፍ ነው፤ አላልፈውም» አሉ። ዋና አዘጋጁ ደግሞ ዘፈኖቹ ፈጠራ አለመሆናቸውን የመዝገቦቹ ባለቤት ራሳቸው ቀርበው ያስረዱ አሉ። አክስቴ ግራጫ ሹራባቸውን ለብሰው፣ አንደኛውን መዝገብ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ።

«እስቲ ጥቂቱን ያንብቡልን» አሏቸው ዋና አዘጋጁ።

አክስቴ ተነሥተው ቆሙ። ስም እንደሚጠሩ ሁሉ ድምፃቸውን ሳይቀያይሩ አሥራ አንድ ዘፈን አነበቡ። ዋና አዘጋጁ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳኛው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም።

«እርስዎ ራስዎ ቀጥተውበታል» አሉ ዳኛው። «ዛሬ እንዴት ይደግፉታል?»

«ዛሬም ክፍል ውስጥ ቢዘፍኑት እቀጣለሁ» አሉ አክስቴ። «የቀጣሁት ግን ስለነበረ ነው፤ ያልነበረ ነገር አልቀጣሁም። እናንተ አልነበረም ልትሉ ነው፤ ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ?»

«ሕፃን ልጅ ገልጦ ቢያነበውስ?»

«ልጁማ ያውቀዋል ጌታዬ። የረሳነው እኛ ነን።»

ዳኛው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ዋና አዘጋጁ ማስታረቂያ ያሉትን አቀረቡ፤ «ቂጥ» የሚለውን «መቀመጫ» ብንለውስ?

«ቤት አይመታም» አሉ አክስቴ። «ሲሮጥ፣ ቁርጥ፣ ከዚያ መቀመጫ? ልጅ የሚስቀው ቤት ሲመታ ነው። ወይ እንዳለ አግቡት፣ ወይ ተዉት።»

ስለ አንድ ነገር ግን ከዳኛው ጋር ተስማሙ። የሚያነክስ ጎረቤትን በስሙ እየጠራ የሚያፌዝ ዘፈን ነበር። «ይኼኛው የሰውዬውን ልጆች ያሳዝናል» ብለው ራሳቸው ከዝርዝሩ አስወጡት። እኔ እንዲገባ ፈልጌ ነበር፤ ተከራከርኳቸው፣ አልሰሙኝም። ዛሬም ያ ዘፈን ቢገባ ኖሮ እላለሁ፤ ልጆች ጨካኞችም ናቸውና።

ርእሱ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። አንድ ገጽ ተኩል፣ አራት ዘፈን እንዳለ፣ የሌሎቹ ይዘት በአጭሩ። ዳኛው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ፤ እሱም በፋይሉ ውስጥ አለ። ሲወጡ ለአክስቴ በሩን ይዘውላቸው ነበር።

መጽሐፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ። ምንጩ «የአንዲት ጡረተኛ መምህርት የቅጣት መዝገብ» ተብሎ ተጠቅሷል። ሁለት ሦስት ጋዜጣ ተሳደበ፤ አንዱ የአገር ገንዘብ በፈስ ላይ ጠፋ ብሎ ጻፈ። አክስቴ ቆርጠው አስቀመጡት።

አንድ ቀን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የሆነች ሴት የአክስቴን በር አንኳኳች። ስለ አጎት በሚዘፈነው ዘፈን ግማሽ ቀን የቆመችው ልጅ ነበረች። አክስቴ ሲያዩዋት ወዲያው አወቋት፤ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ ሴትዮዋ አቋረጠቻቸው።

«እሱን ተዉት እትዬ። መጽሐፉ ላይ አንድ ስንኝ ይጎድላል። የመጨረሻውን ያን ቀን አልነገርኩዎትም።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«የባሰ ነበራ!»

አክስቴ እስክሪብቶ ፈለጉ። ሴትዮዋ አልዘፍንም ብላ በንግግር ብቻ ነገረቻቸው፤ እሱንም ሁለቴ አስደገሟት። ስንኙን ለሚቀጥለው እትም አስገብቼዋለሁ። ቦርዱ ገና አላየውም።