«ተስፋ ቆርጠው ነበር?»

ሜልቦርን፣ ሜድስቶን ሰፈር ስኖር የጋብቻ ቀለበቴ ጠፋብኝ። ሚስቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ከደጃፌ እስከ ትራም ማቆሚያው አንድ ሺህ አርባ እርምጃ ነው፤ አራት ጊዜ ተመላልሼ ፈለግሁ፣ የለም።

ሐሙስ ዕለት ማቆሚያው ላይ «ቀለበት ተገኝቷል» የሚል ወረቀት አየሁና ደውዬ ሄድኩ። ያገኙት ሰው አይሁዳዊ ሽማግሌ፣ የሃይማኖት መምህር ናቸው። ምልክቱን ስነግራቸው ቀለበቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ተስፋ ቆርጠው ነበር?» አሉኝ።

«እሱ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?»

«በሊቃውንታችን መጻሕፍት ‹ዬኡሽ› የሚባል ቃል አለ። የዕቃው ባለቤት በልቡ ‹በቃ፣ አላገኘውም› ማለቱ ነው። ዕቃው ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ካለ፣ ያገኘው ሰው ይወስደዋል።»

«አልቆረጥኩም» ብል ይበቃኝ ነበር። ግን ሚስቴ ባጠለቀችልኝ ቀለበት እንዴት ልዋሽ?

«ቆርጫለሁ» አልኳቸው። «ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰዓቴን አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁና ቀለበቱን ወደ እኔ ገፉት።

«እኔ ያገኘሁት ሰኞ ጠዋት ነው።»