መድኃኒቱን የሚጠጣው ነገር

ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ደሴን ጉም በዋጣት አንድ ጧት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ የሕመምተኛ ሽንት ጠብ አድርገው እሳት ላይ ያዙት። ፈሳሹ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻ ጡብ መሰለ።

“ስኳር ነው” አሉኝ። “ሰውየው ስኳር ሞልቶት በረሃብ እየሞተ ነው።” ቀፈፈኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኢንሱሊን መልእክተኛ ነው፤ ሴሎችን “ስኳር መጥቷልና አስገቡ” ይላል። መልእክቱ ካልደረሰ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ሰውነትም የገዛ ስቡንና ሥጋውን ይበላል።

ከዓመታት በኋላ ዘሐራ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ለስኳር ሕመም ክትትል ትመጣ ጀመር። እናቷ እማማ ሩቅያ ከደጋን ተነስተው፣ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ቀይረው ያመጧታል። ኢንሱሊኑን ቤቷ ራሷ ትወጋለች። ትበላለች፤ ግን ትከሳለች። ሦስት ጊዜ መጠኑን ጨመርንላት፤ የቱቦው ቀለም ጡብ እንደሆነ ቀረ።

“ወላሂ ልጄ፣ ባይኔ እያየኋት ነው የምትወጋው” አሉኝ እናቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከሷ ቀድሞ መድኃኒቱን የሚጠጣ ነገር ቤታችን ገብቷል።”

“ጅን ኢንሱሊን አይጠጣም፣ እማማ” አልኳቸው። ወደ ልጅቷ ዞሬም “አንቺ ነሽ የምትደፊው!” አልኳት። እንባዋ ወረደ።

ሆስፒታል አስተኛናት። በማግስቱ ጧት ከራሷ ብልቃጥ ቀድቼ፣ የጨመርንላትን ሙሉ መጠን በገዛ እጄ ክንዷ ላይ ወጋኋት። “አሁን እናያለን” አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ረፋድ ላይ እማማ ሩቅያ ጮኹ። ሮጬ ስደርስ ዘሐራን ላብ አጥምቋታል። ዓይኗ ተገልጧል፤ እኔን ግን አያይም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ያው ብልቃጥ፣ ያው መጠን፤ ደጋን ላይ ውሃ የነበረው ደሴ ላይ መርዝ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ የእናቷን ጅን አመንኩ።

ሲስተር አልማዝ በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጧት። ስትነቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፦ “ቤትሽ የት ላይ ነው የምትወጊው?”

ቀሚሷን ገለጠች። ከእምብርቷ አጠገብ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። “ሁልጊዜ እዚህ ነው። እዚህ አያመኝም” አለች።

ለሁለት ዓመት አንድ ቦታ ስትወጋ ሥጋው ደንድኖ መድኃኒቱን ያዘው፤ መልእክቱ በቅጡ ወደ ደሟ አይደርስም ነበር። እኔ ደህና ሥጋ ላይ ስወጋት ግን፣ ያ የጨመርነው ሁሉ ባንዴ ደረሰ፤ የደሟንም ስኳር ከልክ በታች ጣለው።

“ለምን አላሳየሽኝም?” አልኳት።

“ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።”

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አፈርኩም። በእጄ ልትሞት ነበር።

እናንተ ጀማሪ ነርሶች፣ ሕመምተኛ “ወግቻለሁ” ሲላችሁ፣ ውሸታም ከማለታችሁ በፊት የሚወጋበትን ቦታ አስገልጡና ዳብሱ።